ሰባት ፊሽካ

እኔም ሰው ነኝና በሌላ ነገር ልሳሳት እችላለሁ፤ በሰው ስም፣ በልደት ቀን፣ ባለቤቴ ግዛ ብላኝ ረስቼው በመጣሁት ሳሙና። በዚህ ጉዳይ ግን አንዲት ፍሬ ቃል ከጨመርኩ ምላሴ ከሥሩ ይነቀል፤ ውሃ ስጠጣ ትን ይበለኝ፤ በሃያ ስምንት ዓመት የቧንቧ ሥራዬ የገጠምኩት መገጣጠሚያ ሁሉ በአንድ ጀንበር ይፈንዳ። ለቧንቧ ሠራተኛ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። የዚህ ከተማ ግማሽ ሕዝብ ውሃ የሚጠጣው በእኔ እጅ ነው፤ ሌላው ግማሽ ተራውን ይጠብቃል። ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። ሲጠሩኝ ይስቃሉ፤ ሰው የሚወደውን ሲጠራ ይስቃል።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት። ቀኝ እጄን እስከ ክርኔ በፋሻ ተጠቅልዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ተንጋልያለሁ። የቆሰለ ጀግና የሚተኛው አተኛኘት አለ፤ እሱን ነው የተኛሁት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «በሁለት ሳምንት ይድናል» ብላኛለች፤ ልታጽናናኝ ነው እንጂ ሁለት ወር እንደሚፈጅ ከዓይኗ አውቄያለሁ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ባለቤቴ ከወንድሟ ጋር በስልክ ታወራለች። «ጆሮዋ ከድቷታል» ትለዋለች። «ዛሬ ልትገድለን ነበር። ነገ ወደ ቤትህ ስትመለስ ይዘሃት ሂድ። እሳት ካለበት ቤት ብቻዋን ትቻት ሥራ መዋል አልችልም።» ይሄ ሁሉ የሚወራባቸው እናቷ፣ ማለት አማቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የእንጨት ዱካ ላይ ቆመው ከግድግዳው የቦሎቄ ልጣጭ በማንኪያ እየፋቁ ነበር። ከመኝታ ቤቱ እስከ ወጥ ቤቱ ስድስት እርምጃ ነው። የማንኪያው ድምፅ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ቀጠለ።

አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚተኙባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አልጋው ከገባ በኋላ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። እሳቸው ግን አንድ ቀን ጠበበኝ ብለው አያውቁም። በየጠዋቱ አራት ፎቅ ወርደው አትክልት ሻጩን በሽንኩርት ዋጋ ያከራክሩታል፤ ሰውየው በመጨረሻ «እናቴ፣ በነፃ ይውሰዱትና ይገላግሉኝ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በነፃ አይወስዱም። የቤቱን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሲወጡ በእጃቸው ይነኩታል፤ ሲገቡ ይነኩታል። ወንድ ልጃቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሚኖረው የአሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ተነድቶ ነው። ከቤቱ ጀርባ ትርፍ ጎማ የሚያስቀምጥባት ክፍል አለችው፤ «ለእማዬ አጸዳታለሁ» ካለ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱና አማቴ ሰላምታ የሚለዋወጡት በሦስተኛ ሰው ነው። እዚያ የሄደ አሮጌ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም።

ለዚህ ሁሉ መነሻ ወደሆነው ድስት ልምጣ። ድስታችን ፕሬዠር ነው፤ ታቹ ላይ ሰባት ሊትር ተብሎ ተጽፏል፣ ለሚያውቅ ዓይን ግን አሥር ይሆናል። ክዳኑ ተሽከርክሮ ይቆለፋል፤ መሐሉ ላይ እንፋሎት የሚወጣባት ቱቦ አለች፤ በቱቦዋ አናት ላይ የምትቀመጠው ክብደት ናት የምታፏጨው። ከቱቦዋ አጠገብ ደግሞ ክዳኑ ላይ የተወተፈች የአዝራር ያህል ጎማ ነበረች። ይህች ጎማ ካለፈው ወር ጀምሮ እንፋሎት ታፈስ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ሄዶ አዲስ ጎማ ይገዛል፤ ዋጋዋ ከሁለት ዳቦ አይበልጥም። እኔ ግን የሚያፈስ ነገር አይቼ ዝም ማለት በሽታዬ ነው። ጎማዋን አውጥቼ ጣልኩና ከሣጥኔ የናስ ብሎን መረጥኩ፤ ቴፍሎን ጠቀለልኩበት፤ በቁልፍ አጠበቅሁት። ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አንዲት ትንፋሽ አልወጣችም።

ለአማቴም ደንብ አወጣሁላቸው። ድስቱን እስከ አፉ ይሙሉት፣ ጋዝ ይቆጥባል፤ ሦስት ጊዜ ሲያፏጭ ያጥፉት። ከድስቱ ጋር የመጣው ወረቀት ጥራጥሬ ከግማሽ በላይ አይሞላ ይላል፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ብቸኛ ኗሪ መሆን አለበት። አማቴ ቀደም ሲል ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከመክደናቸው በፊት ክዳኑን ወደ መስኮቱ አንሥተው በቱቦዋ ቀዳዳ ብርሃን ያያሉ፤ እፍ ይሉባታል፤ የዙሪያውን ጎማ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ እሳቱን ካጠፉ በኋላም ድስቱን ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ያስቀምጡታል። ሐኪም ሕመምተኛ ሲመረምር ይመስላል። «እማማ፣ እኔ የሠራሁትን ደግሞ መመርመር ምን ያደርጋል?» ብያቸው መመርመሩን ተዉት። መጠበቁን ግን አልተዉም።

የዚያኑ ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የድስታችንን ፊሽካ ሰማሁ። አንድ አልኩ። ሁለት። ሦስት። አሁን ያጠፉታል ብዬ እርምጃዬን አልለወጥኩም። አራት። አምስት ሲል አንድ ባለ ብስክሌት ወርዶ አንጋጠጠ። ስድስት ሲል ዳቦ ሻጩ መስኮቱን ዘጋ። ሰባተኛው ፊሽካ አይባልም፤ መርከብ ወደብ ስትገባ የምታሰማው ነው። አራቱን ፎቅ በአሥራ አንድ እርምጃ ወጣሁት። ስገባ አማቴ ከምድጃው አጠገብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ድስቱ እየዘለለ ነው። እሳቸውን በግራ እጄ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ በቀኜ ጋዙን አጠፋሁ። በዚያው ቅጽበት ክዳኑ ተነሣ። ኮርኒሱን መታ፣ አምፖሉን ይዞ ወረደ፣ ቦሎቄው እንደ በረዶ ዘነበ፣ እንፋሎቱ እጄን ገረፈው። ከጣሪያችን ላይ እርግቦች የሄዱት ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁን ሁለቱ ብቻ ተመልሰዋል። እኔ በሰባት ሴኮንድ ብዘገይ ኖሮ ባለቤቴ ዛሬ ጥቁር ለብሳ ነበር።

ባለቤቴ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ትሠራለች። ስትመጣ ኮርኒሱን አየች፣ ፋሻዬን አየች፣ የደረሰውን ሁሉ አሁን ለእናንተ እንደነገርኩት ነገርኳት። ወደ እናቷ ዞራ «እማዬ፣ ፊሽካውን አልሰማሽም?» አለቻቸው። አማቴ «አልጮኸም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ባለቤቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሰባት ጊዜ የጮኸ ነገር አልጮኸም ከተባለ ጥፋቱ የድስቱ ሊሆን አይችልም። አማቴ ደግሞ አማቻቸውን ሰው ፊት የሚያሳፍር ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህ ሁልጊዜ አከብራቸዋለሁ። ማንኪያና ባልዲ ይዘው ወደ ግድግዳቸው ሄዱ።

እኔ ግን ፍርደ ገምድል ሰው አይደለሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆን፣ ባለቤቴ ስልኳን ዘግታ ሻወር ስትገባ ተነሥቼ ሴትዮዋን ራሴ መረመርኳቸው። ከኋላቸው ቆሜ በሹክሹክታ «እማማ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው» አልኩ። አልዞሩም። ሹካ መሬት ላይ ጣልኩ። አልዞሩም። ሁለት ጊዜ ሳልኩ፤ አንድ ጊዜ እንደ ድመት ጮኽኩ። ፍቂያቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ፊት ለፊታቸው ሄጄ «ቅድም የተናገርኩትን አልሰሙም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ ከዱካው ሳይወርዱ። «ቤቱ አልተቃጠለም።»

«ታዲያ ለምን አልዞሩም?»

«ከኋላዬ ቆሞ እንደ ድመት ለሚጮህ አማች ዞሬ ምን ልበለው?»

ይሄን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በግምት ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ሰው ብዙ ነገር በግምት ያገኛል።

ሹፌሩ አውቶቡሱን ይዞ ትናንት ማታ ከተማችን ገብቶ ስለነበር ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ቤት ደረሰ። ግዙፍ ሰው ነው፤ እኛ ቤት ሲቀመጥ ሶፋው መሐል ላይ ይሰረጉድና ከአጠገቡ ያለው ሰው ሳይወድ ወደሱ ይጠጋል። ያን ዕለት ከአጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እናቱን ጉንጫቸውን ስሞ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ባለቤቴ ያቀረበችለትን ዳቦና እንቁላል በላ። ማንም የመጣበትን ጉዳይ አላነሣም። ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ ነዳጅ መወደድ ተወራ፣ የዳቦው መጠን ከባለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር ማነሱ ተወራ። አማቴ እንቁላሉን አልነኩትም። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው ሻንጣ ይዘው ነበር፤ አሮጌ ቡናማ ሻንጣ፣ አንዱ መቆለፊያ ስለማይሠራ በገመድ የታሰረ። ማንም ጠቅልሉ አላላቸውም ነበር። ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አቆሙት፤ ከዚያ ቁልፉን ከነክሩ ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሹፌሩ ቁልፍ ጎን አስቀመጡት። ባለቤቴ የቀረበውን ሰሃን ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ መለሰችው።

«ድስቱን ልየው እስቲ» አለ ሹፌሩ። ሄደ፣ ክዳኑን ይዞ ተመለሰ። ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ገለበጠው። እንደ ሹፌርነቱ ብረት ሲያይ ዝም አይልም።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ ብሎኑን በጥፍሩ እየመታ።

«ማጠናከሪያ።»

«እዚህ ጋ ጎማ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። ያፈስ ነበር፣ ዘጋሁት።»

«እንዲያፈስ አይደል የተቀመጠው? ግፊት ሲበዛ በዚህ ይወጣል። አንተ መውጫውን በናስ ደፈንከው።» ቱቦዋን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «በዚህኛውም ብርሃን አይታይም። ልጣጭ ወትፎታል። ድስቱን ማን ነው እንዲህ እስከ አፉ የሞላው?»

አማቴ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ጋዝ ስለ መቆጠብ ትንሽ ማብራሪያ ሰጠሁ፤ ዓለም ሁሉ እንዴት ጋዝ እንደሚያባክንና እኔ የማውቀው አንድ ሆቴል በእኔ ምክር በዓመት ስንት ሲሊንደር እንዳተረፈ ነገርኩት። ሹፌሩ እየሰማኝ አልነበረም። የክዳኑን እጀታ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነበር።

«እጀታው ላይ ያለው ንክሻስ?»

«የቆየ ነው» አልኩት።

«የቧንቧ ቁልፍ ጥርስ ይመስላል።» ክዳኑን ጉልበቱ ላይ አደረገው። «አንድ ረዳት ነበረኝ። መኪና ሲግል ራዲያተሩን ወዲያው ካልከፈትኩ ይላል። እንዲህ ያለ ረዳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፍተው፤ ከዚያ ሌላ ትቀጥራለህ።»

«ይሄን ማንም አልከፈተውም፤ ራሱ ነው የተነሣው። ደግሞ ነገሩን ከብሎንና ከጥርስ ጋር አታጋባው። ጥያቄው የጆሮ ነው። ሰባት ጊዜ ጮኋል፣ እናትህ አልሰሙም።»

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አልጮኸም አልኩ እኮ» አሉ አማቴ።

ባለቤቴ ለወንድሟ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው፤ ‹አየህ› የሚል ዓይነት። ሹፌሩ በረጅሙ ተነፈሰና ሰዓቱን አየ። «ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምንነሣው፣ እማዬ» አለ። «ዛሬ እኔ ያረፍኩበት ታድሪያለሽ። ወፍራም ልብስ ያዢ፣ መንገዱ ይበርዳል።» ይሄን ሲል የሻንጣውን እጀታ ይዞ ነበር። ነገሩ በዚሁ አልቆ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን አፉን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ግን ሥራዬን ንጹሕ አድርጌ መጨረስ እወዳለሁ። በአማቻቸው ቃል ብቻ ተፈረደባቸው እንዳይባል ምስክር አለኝ አልኩ። ባለቤቴ «ምን ያደርጋል፣ ሰው አታስቸግር» ስትለኝ ወጥ ቤት ገብቻለሁ።

የወጥ ቤታችን መስኮት በሌላኛው ደረጃ በኩል ከምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ክፍል መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው። በመካከላችን ያለው ክፍተት ጨው ለመቀባበል ይመቻል፤ እሷና አማቴ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች፤ ቃል የምታወጣው በክር ቆጥራ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ የሚታመን ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ለዚህ ነው የመረጥኳት። «እኅቴ፣ አንድ ጊዜ ብቅ በይ፤ ስለ ጠዋቱ ድስት የሰማሽውን ትነግሪልኛለሽ» አልኳት። መኪናዋን አቆመች። በእነሱ ደረጃ ወርዳ በእኛ እስክትወጣ ሳሎን ውስጥ ጠበቅናት። ሹፌሩ የሻንጣውን እጀታ እንደያዘ ቆሟል። አማቴ ከቀሚሳቸው ላይ የደረቀ የቦሎቄ ልጣጭ ለቅመው መዳፋቸው ላይ ያዙት፤ የሚጥሉበት ቦታ ያጡ ይመስላሉ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ደረቷ ላይ ሦስት መርፌ ሰክታ ገባች። ተቀመጪ ስንላት አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ሆና ሻንጣውን አየች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አየች።

«በይ እስቲ ንገሪያቸው» አልኳት። «ፊሽካው ሰባት ነበር አይደል? ወይስ ስምንት ነው የሰማሽው?»

«አንድም አልሰማሁም፣ ጋሼ» አለች።

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ስትለካ «እጅዎን ትንሽ ያንሡ» በምትልበት ድምፅ ነው የተናገረችው። «የእናንተ ድስት ሲጀምር ነው እኔ ካውያዬን የማጠፋው። ዛሬ ሳያፏጭ ቀረ፤ የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። ምን ሆነ ብዬ ዞሬ ሳይ እማማ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ፊሽካ ለመቁጠር ጣታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ገና አንደኛው ጣታቸው ላይ ነበሩ። ቆይተው ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው አዳመጡና ጋዙን አጠፉት።»

«ጋዙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ ሲገቡ ከጠፋ ቆይቷል። ዳቦ ይዘው ነበር፤ ራበኝ አሉ። ክዳኑን ቢያዞሩት እምቢ አለ። ሣጥንዎን ከፍተው ያንን ትልቁን ቁልፍ አመጡ። እማማ ‹ተው ልጄ፣ አትንካው፣ ይብረድ› አሉ። እርስዎ ‹ካልጮኸ ከእንፋሎት ባዶ ነው› ብለው አዞሩት።»

ሹፌሩ የሻንጣውን እጀታ ለቀቀ። ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ወደ እናቷም መዞር የቻለች አይመስለኝም። ፊቷን ልብስ ሰፊዋ ላይ እንደተከለች «ይብረድ ብላዋለች?» አለች።

«ሁለት ጊዜ ነው ያሉት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ እንኳ ከማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ።»